የ302 ቀን ደብዳቤ፦ የወሎን ረሃብ ስለደበቁ ሰዎች ልብ ወለድ መጻፍ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ስለ ስድሳ ስድስቱ የወሎ ረሃብ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ እየጻፍኩ መሆኔ ደሴ ውስጥ ከተወራ ወዲህ ጠያቂው በዝቷል። ፒያሳ ማኪያቶ ይዤ ስቀመጥ ይጠይቁኛል። ኮምቦልቻ ስወርድ ታክሲ ውስጥ ይጠይቁኛል። ወጣቶቹ "ይሄ ነገር የእውነት ተደርጓል?" ይላሉ። ትልልቆቹ ደግሞ "ምነው ልጄ፣ የዳነ ቁስል ለምን ትነካካለህ?" ይላሉ። ሁለቱም የሚገባ ጥያቄ ነው። እዚህ የሰበሰብኳቸው ደጋግመው የሚመጡትን ነው። በዚሁ ዘመን ላይ ለመጻፍ የምታስቡ ካላችሁም ለእናንተ ጭምር ነው።

መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?

ዋናው ገጸ ባሕርይ ደሴ በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ የሚሠራ ወጣት ጸሐፊ ነው። ሥራው የገባ ደብዳቤ ላይ ቀንና ቁጥር መጻፍ፣ ማኅተም መምታት፣ ወደሚመለከተው ክፍል መምራት ነው። አንድ ጠዋት ከወረዳ የመጣ ደብዳቤ ይከፍታል። ሰው እያለቀ ነው ይላል። ቁጥር ሰጥቶ ይመራዋል። በሳምንቱ ሌላ ይመጣል። እሱንም ይመራል። ከላይ ግን መልስ የለም። ታሪኩ የሚነሳው ልጁ "የመራሁት ደብዳቤ የት ደረሰ?" ብሎ የጠየቀ ቀን ነው።

ሽጉጥ አለበት ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አንድ ቦታ ላይ አለ። የአንባቢን ልብ የሚያንጠለጥለው ግን ሽጉጡ ሳይሆን ፋይሉ እንዲሆን ነው የምደክመው። አንድ ወረቀት ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እስኪያልፍ ድረስ ከኮረም እስከ ሐይቅ ከተማ ያለው መንገድ ዳር ስንት ሰው እንደሚወድቅ አንባቢው ያውቃል። ጸሐፊው ልጅም ያውቃል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሹም ግን ለምሳ ወጥቷል።

ረሃብ የተፈጥሮ ጉዳይ አይደለም እንዴ? ሴራው ከየት መጣ?

ድርቁ ከሰማይ ነው። የ1964 ክረምት በብዙ የወሎ ቆላ ሳይዘንብ ቀረ። የ1965 በልግም ከዳ። ወሎን የማያውቅ ሰው በልግ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። የደጋው ገበሬ የዓመት ጉርሱ ከበልግ የሚወጣ ብዙ ነው። ቆላው ደግሞ ማሽላውን የሚዘራው በዚያ ዝናብ ነው። ሁለቱ ተከታትለው ሲቀሩ ጎተራ ይራቆታል።

ጎተራው ግን ድሮም ሙሉ አልነበረም። ጭሰኛው ካመረተው ለባለርስቱ ያካፍላል። የእኩል አራሽ ከሆነ ግማሹ ይሄዳል። በራያና ቆቦ በኩል ትልልቅ እርሻ የሚጀምሩ ሰዎች ሲመጡ ደግሞ ከመሬቱ የተነሳ አራሽ አለ። በአዋሽ ዳር፣ ያኔ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረው በአውሳ፣ ወንዙን ተከትሎ የነበረው ምርጥ የግጦሽ መሬት ለጥጥ እርሻ ተሰጠ። የተንዳሆን የጥጥ እርሻ አስታውሱ። ደረቅ ወራት ሲመጣ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን የሚያወርድበት ሜዳ ጥጥ በቀለበት። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሟቾች ውስጥ አፋሮች በብዛት አሉ። እኛ ደገኞቹ ስለ ስድሳ ስድስት ስናወራ ይህንን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። በመጽሐፌ ላለመዝለል እየጣርኩ ነው።

ድርቁ ሴራ አይደለም። ሴራው ሰው መራቡ ከታወቀ በኋላ የሆነው ነው።

ባለሥልጣናቱ መቼ አወቁ?

ቀድመው። ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

በ1965 መጀመሪያ ላይ የግብርና ሚኒስቴር ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ጋር ባደረገው የሰብል ጥናት የወሎ ምርት መክሸፉ ታይቷል። በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ከወሎ ተሰደው አዲስ አበባ የገቡ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ቀይ መስቀል እየረዳ ነበር። ይህ ማለት ረሃቡ በእግሩ ተጉዞ ዋና ከተማ ደርሷል ማለት ነው። ከወራት በኋላ 1,500 የሚሆኑ የተራቡ ገበሬዎች ወደ አዲስ አበባ ለአቤቱታ ሲያመሩ ፖሊስ መልሷቸዋል። 1,500 ሰው በድብቅ አይሄድም። ያየ ሁሉ አይቷል።

በዚያው ዓመት ክረምት የዩኒሴፍ ሰዎች ሁኔታውን የሚገልጽ ሪፖርት አዘጋጁ። ከመንግሥት በኩል የመጣው ምላሽ በግርድፉ ሲነገር፣ እርዳታ ለማግኘት አገሪቱን እንዲህ አድርጎ መግለጽ ካስፈለገ እርዳታው ይቅርብን፣ ውርደቱ ይበዛል የሚል ነበር። ይህን ባነበብኩበት ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ለልብ ወለድ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ክፉ ንግግር መፍጠር ይከብደዋል። ክፋቱ ደግሞ የተናገረው ሰው ክፉ እየተናገረ እንደሆነ የማያውቅ መሆኑ ነው። አገሩን የጠበቀ መስሎታል።

የ302 ቀኑ ነገርስ? እሱ ልብ ወለድ ነው አይደል?

አይደለም። የመጽሐፉ ርዕስ የሆነውም እውነት ስለሆነ ነው። ግን ከስድሳ ስድስቱ በፊት የነበረ ጉዳይ ነው። ቀኖቹን ስለማያቀላቅሉ አንባቢዎች ስል ልለየው።

በ1958 ዓ.ም. ወረ ኢሉ አውራጃ ላይ ረሃብ ገባ። የአካባቢው ፖሊስ አወቀ። ኅዳር አካባቢ ሪፖርቱ አገር ግዛት ሚኒስቴር ደረሰ። ከዚያ ተኛ። ጉዳዩ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ እስኪደርስ 302 ቀን ፈጀ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ሰነዶቹን ተከታትለው ቀኑን በመቁጠራቸው ነው ዛሬ የምናውቀው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ከወረ ኢሉ አዲስ አበባ ጤነኛ ሰው በእግሩ ቢሄድ ሁለት ሳምንት ቢወስድበት ነው። በ302 ቀን አሥር ጊዜ ደርሶ ይመለሳል። ደብዳቤው ግን በመኪና መጥቶ፣ ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ አሥር ወር ፈጀበት።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰምተው ሚኒስቴሩ አንድ ነገር እንዲያደርግ አዘዙ። ሚኒስቴሩ ምን አደረገ? ለወሎ ሹማምንት ጻፈ። የሞቱት ሰዎች የስም ዝርዝር ይላክ አለ። ጥቂት እህል እንዲታደል የተፈቀደው ከዚህ ወዲያ ነው።

ይህን ለአያቴ ነገርኳት። ቆቦ አካባቢ ያደገች ሴት ናት። ሦስተኛው ስኒ፣ በረካው ላይ ነበርን። ስኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች። ቆይታ "ስሙን ማን ይዞት ልጄ? ቀባሪውም እኮ አብሮ ነው የሄደው" አለችኝ። ያ አረፍተ ነገር በመጽሐፉ ውስጥ አለ። የእሷ ነው።

እና ሙስናው የቱ ጋ ነው? ጉቦ የበላ አለ?

ጉቦማ ነበረ። እጅ መንሻ፣ መማለጃ፣ ደጅ ጥናት የዘመኑ አሠራር ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረት ከባዶ አልመጣም። ሥልጣን ማለት መሬት ነበር፤ መሬት ደግሞ ሥልጣን። ለተራበ የተላከ እህል መንገድ ላይ ተሸጧል የሚል ክስም በጊዜው ተሰምቷል።

እኔ ግን አንባቢዎቼ ሙስናን በገንዘብ ብቻ እንዲለኩት አልፈልግም። የወሎው ሙስና ትልቁ ክፍል ብር አልነካም። የወረዳው ሹም "አካባቢዬን መምራት አቅቶኛል" እንዳይመስልበት ቃሉን ያለሳልሳል። ያለሳለሰውን የአውራጃው ሹም ደግሞ ትንሽ ያለሳልሰዋል። ደሴ ላይ ሌላ ልስላሴ ይጨመራል። አዲስ አበባ ሲደርስ "ሰው እያለቀ ነው" የሚለው "በአንዳንድ ቦታዎች የዝናብ መዘግየት ታይቷል" ሆኗል። ማንም ሙሉ ውሸት አልጻፈም። ሁሉም ግን ሹመቱን ለማቆየት ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ቆረሰ። ይህም መብላት ነው።

ልብ ወለዱን ስጽፍ በጣም የከበደኝ ይህ ነው። አንድ ወንጀለኛ ቢኖር ይቀል ነበር። አንባቢ የሚጠላው አንድ ሰው ይፈልጋል። መጀመሪያ ላይ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ ክፉ ሹም ፈጥሬ ነበር። 80 ገጽ ከጻፍኩ በኋላ አወጣሁት። ውሸት ነበር። እውነተኛው ሴረኛ ልጆቹን የሚወድ፣ ጾሙን የሚጾም፣ ሶላቱን የማያሳልፍ፣ ለተላላኪው የበዓል ብር የሚሰጥ ሰው ነው። ፋይሉን ብቻ አያነሳም።

ደሴ ገበያ ላይ እህል ነበር ይባላል። እውነት ነው?

አዎ። አማርትያ ሴን የተባለው ኢኮኖሚስት ይህን ረሃብ አጥንቷል። በ1965 የአገሪቱ አጠቃላይ የምግብ ምርት የቀነሰው በጥቂቱ ነው። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ሰው እንደሚጠብቀው ጣሪያ አልነካም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር።

እንዴት? ቀላል ነው። ገበሬው እህሉ ሲከሽፍበት የሚበላው ብቻ ሳይሆን የሚሸጠውም ነው የጠፋው። በሬውን ሊሸጥ ሲወስድ ሁሉም በሬ ይዞ ወጥቷል፤ ዋጋው ወደቀ። እጁ ላይ ብር ከሌለ የሰኞ ገበያ ቢሞላ ለእሱ ምኑ ነው? ነጋዴ ደግሞ እህሉን የሚወስደው ገዢ ወዳለበት ነው።

መጽሐፉ ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ወልድያ መውጫ ላይ አንዲት እናት መንገድ ዳር ተቀምጣለች። እህል የጫነ መኪና ወደ ደቡብ ያልፋል። ከአንዱ ኬሻ ቀዳዳ ማሽላ ጠብ ጠብ እያለ አስፋልቱ ላይ ይንጠባጠባል። እሷና ልጇ መኪናውን ሳይሆን አስፋልቱን እየተከተሉ ፍሬ በፍሬ ይለቅማሉ። ያንን ገጽ የጻፍኩት አንድ ሌሊት ሙሉ ነው። ማብራሪያ አልጨመርኩበትም።

ጃንሆይ ያውቁ ነበር?

ደሴ ውስጥ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ሰው ለሁለት ይከፈላል። "አልነገሯቸውም" የሚል አለ። "አልጠየቁም" የሚል አለ። በ1966 ኅዳር ላይ ወደ ወሎ መጥተው አይተዋል። ከዚያ በኋላ አላወቁም ማለት አይቻልም። ከዚያ በፊት የነበረውን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ መንገድ ላይ የወሎ ስደተኛ እየታየ ቤተ መንግሥት አልሰማም ለማለት እኔ ይከብደኛል።

ልጨምር የምፈልገው አለ። የወሎ ገዢ በስም አልጋ ወራሹ አስፋ ወሰን ነበሩ። በ1965 አጋማሽ በጠና ታመው ለሕክምና ውጭ አገር ነበሩ። ጠቅላይ ግዛቱን በተግባር የሚመሩት እንደራሴዎች ናቸው። ስለዚህ ወሎ ገዢ ነበራት፣ ግን አልነበራትም። ደግሞ እዩት፦ መስከረም 2, 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ደርግ ንጉሥ ይሆናሉ ብሎ ያወጀው እኚሁኑ አልጋ ወራሽ ነው። እሳቸውም ሹመቱን ሊቀበሉ አልመጡም፤ በወራት ውስጥ ዘውዱ ራሱ ተሻረ። ይህን ከራሴ ፈጥሬ ብጽፈው አርታኢዬ "አይመስልም" ብሎ ይሰርዘው ነበር።

ምስጢሩ እንዴት ወጣ?

በመጀመሪያ በዩኒቨርሲቲው ሰዎች። በ1965 ሚያዝያ አካባቢ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ። ፎቶው ግቢ ውስጥ ለእይታ ቀረበ። ተማሪው አየ። ከዚያ በፊት ብዙው ተማሪ ስለ መሬት ላራሹ የሚያወራው በመፈክር ነው። አሁን ፊት አገኘ፤ የጎድን አጥንት አገኘ። የወሎው ልጅ፣ የተማሪዎች ንቅናቄ መሪው ዋለልኝ መኮንን ኅዳር 29, 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከጓደኞቹ ጋር የተገደለው ከዚህ ጥቂት ወራት ቀድሞ ነው። የዚያ ዓመት የግቢ አየር ምን ይመስል እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ቀጥሎ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ ገባ። ፊልሙ ጥቅምት 8, 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ከዚያ በኋላ መደበቅ አልተቻለም። የእርዳታ ገንዘብ ጎረፈ። አሳዛኙ ነገር፣ ዓለም ባየበት ጊዜ ክፉው ወራት ለብዙዎቹ አልፎ ነበር። የሞተው ሞቷል።

በአዲስ ዓመት ማታ የታየው ፊልም ታሪክስ?

ያው ፊልም ነው፤ ግን ተቆርጦ ተቀጥሏል። መስከረም 1, 1967 ማታ ደርግ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በተራቡት ሕፃናት መሃል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ኬክ፣ ሻምፓኝ፣ ሥጋ የሚበሉ ውሾች ገቡበት። ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተደርጓል ይባላል። በማግሥቱ ጠዋት በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ይህ ማታ የመጽሐፌ ማዕከል ነው። ጸሐፊው ልጅ አንድ ቡና ቤት ውስጥ ቆሞ ያያል። ሁለት ዓመት ሲመራ የኖረውን ደብዳቤ አሁን በሥዕል እያየው ነው። ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እሱም ያለቅሳል። ግን አንድ ነገር ይከነክነዋል። እነዚህ ሕፃናት አንድ ጊዜ ተደበቁ። አሁን ደግሞ ወጥተው ለሥልጣን መያዣ ሆኑ። መጀመሪያም አሁንም ስማቸውን የጠየቀ የለም።

ጥፋተኞቹ ለፍርድ ቀረቡ?

ሊቀርቡ ነበር። በ1966 የቀድሞ ባለሥልጣናትን የሚመረምር መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ፕሮፌሰር መስፍንም ሠርተውበታል። ሹማምንቱ እየተጠሩ ይጠየቁ ነበር። ጥያቄና መልሱን ሰው በሬዲዮ ተሰብስቦ ይሰማው እንደነበር ሽማግሌዎች አጫውተውኛል። ትልቅ ሰው "ለምን?" ተብሎ ሲጠየቅ መስማት ለዚያ ዘመን ሰው ተአምር ነበር። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ተብሎ ላደገ ጆሮ።

ኮሚሽኑ ግን ሥራውን ሳይጨርስ ኅዳር 14, 1967 ማታ 60 ያህል ሰዎች ያለፍርድ ተረሸኑ። ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከነሱ መካከል ናቸው። ፖለቲካዊ ውሳኔ ተባለ።

አንዳንድ አንባቢዎች "እጃቸውን አገኙ" ይሉኛል። እኔ አልስማማም። የወሎ ሟች ያጣው እህል ብቻ አይደለም፤ ማን ምን እንዳደረገ የሚነገርበት ቀንም ነው። ያ ቀን በጥይት ተዘጋ። ፋይሉን ያላነሳው ሹም ለምን እንዳላነሳው ቢናገር ኖሮ ምናልባት ቀጣዩ ሹም ይፈራ ነበር። ሞተ፤ ዝም አለ። ጥያቄው ቀረ።

ስንት ሰው ሞተ?

በሰፊው የሚጠራው 200,000 ነው። በኋላ ያጠኑ ሰዎች ከ40,000 እስከ 80,000 ይላሉ። ልዩነቱ ያን ያህል የሰፋው ቆጣሪ ስላልነበረ ነው። በመጽሐፌ ቁጥር አላስገባሁም።

የሰባ ሰባቱ ረሃብ በመጽሐፉ ይኖራል?

የመጨረሻው ክፍል እሱ ነው። ጸሐፊው ልጅ አሁን ጎልማሳ ሆኗል። በአዲሱ መንግሥት ጥሩ ወንበር አግኝቷል። መስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይከበራል፤ ፓርቲው ይመሠረታል፤ አዲስ አበባ በባንዲራ ታጥራለች። ሰሜኑ እያለቀ ነው። የውጭ ጋዜጠኞች በዓሉ እስኪያልፍ ወደዚያ እንዲሄዱ አይፈቀድላቸውም። የመንግሥቱ የራሱ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ የሚሰማ አልተገኘም። ጥቅምት 13, 1977 የኮረም ምስል በቢቢሲ ወጣና ዓለም ተነሳ። ልክ እንደ ድሮው፣ በዚያው በጥቅምት፣ በውጭ ሰው ካሜራ።

የስድሳ ስድስቱን ገመና አደባባይ አውጥቶ ዙፋን የገለበጠ መንግሥት በአሥር ዓመቱ ያንኑ ሠራ። አንድ ደብዳቤ የእኔ ሰው ጠረጴዛ ላይ ይመጣል። ከወረዳ ነው። ሰው እያለቀ ነው ይላል። ምን እንደሚያደርግ እዚህ አልነግራችሁም።

እውነተኛ ሰዎችን በስማቸው ልጻፍ ወይስ ልቀይር?

በአደባባይ የታወቀውን፣ በሰነድ ያለውን፣ በስም ጻፉት። ያልተረጋገጠ ወንጀል ግን በእውነተኛ ሰው ስም ላይ አትለጥፉ። ያ ሰው ቢሞት የልጅ ልጁ ዛሬ ሙጋድ ወይም ሸዋ በር ጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል። እኔ ከወረዳ እስከ ጠቅላይ ግዛት ያሉትን ሹማምንት በሙሉ ፈጥሬያቸዋለሁ። ወንበራቸው ብቻ እውነተኛ ነው።

ሰነድ ከየት አገኛለሁ?

ታገሡ። እኔ አንድ መሥሪያ ቤት የድሮ መዝገብ ለማየት ጠይቄ ነበር። ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ከላይ ይፈቀድ አሉ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ሦስት ወር ተመላለስኩ። አንድ ቀን እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ድንገት ሆዴ ተላወሰ። እኔ የጠየቅኩት ወረቀት ነው። ያኔ የጠየቁት እህል ነበር።

በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል፤ ከተማችን ያጣችው ቅርስ ቀላል አይደለም። ስለዚህ እቤታችሁ ያለ አሮጌ ደብዳቤ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የችሎት ወረቀት ካለ አትጣሉ። የአባታችሁ ሳጥን ውስጥ ፈልጉ። አንዲት የግብር ደረሰኝ ከብዙ ንግግር ትበልጣለች። ሰው በተራበበት ዓመት ግብር መክፈሉን የምታሳይ ከሆነች ደግሞ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ናት።

የዘመኑን የቢሮ ቋንቋ እንዴት ላምጣው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። የዘመኑ ደብዳቤ አጎንባሽ ነው። "ለክቡር" ብሎ ይጀምራል፤ እጅ ነስቶ ይጨርሳል። መሃሉ ላይ ጉዳዩ ይጠፋል። "በእጃችን ደርሶ ተመልክተነዋል።" "ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል።" "ከማኅደሩ ጋር ይያያዝ።" እነዚህን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው። አድራጊ የላቸውም። ተመራ እንጂ ማን መራው? ተያያዘ እንጂ ማን አንብቦት?

በመጽሐፌ ውስጥ ሹማምንቱ "ረሃብ" የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አይጽፉም። "ችግር" ይላሉ፣ "የእህል እጥረት" ይላሉ። ገበሬው ደግሞ እሱም "ረሃብ" አይልም፤ "ክፉ ቀን" ይላል። ሹሙ ቃሉን የሚሸሸው ለሹመቱ ነው። ገበሬው የሚሸሸው ስሙን ከጠሩት ይመጣል ብሎ ስለሚፈራ ነው። ቃሉን አፍ ሞልቶ የሚጽፈው ጸሐፊው ልጅ ብቻ ነው። ችግር ውስጥ የሚገባውም በእሱ ነው።

ሽማግሌዎችን ስለዚያ ዘመን መጠየቅ እፈልጋለሁ። ምን ብዬ ልጀምር?

"ስንት ሰው ሞተባችሁ?" ብላችሁ አትጀምሩ። እኔ መጀመሪያ ላይ እንዲያ አድርጌ ተሳስቻለሁ። አንድ አባት ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንስተው የጦሳን ተራራ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ "አብሽር" አሉኝ። እኔን ሊያጽናኑ! አፍሬ ወጣሁ።

አሁን የምጠይቀው "መጀመሪያ የሸጣችሁት ምን ነበር?" ብዬ ነው። በዚህ ጥያቄ አፍ ይፈታል። ፍየሏን ይሉኛል። ቀጥሎ ጊደሯን። ቀጥሎ የእናቴን አምባር። በሬው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቀየራል፤ በሬ መሸጥ የመጪውን ዓመት እርሻ መሸጥ ነውና። ከበሬው በኋላ የሚሸጥ የለም፤ መንገድ ነው። ያኔ እኔ አልጠይቅም። እነሱ ራሳቸው ማን አብሮ እንደወጣና ማን ሐይቅ እንደደረሰ ይቆጥሩልኛል። በስም። አባትየው፣ ታላቅየዋ፣ ጡት ያልጣለው።

ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ስሙን ሲጠሩ በዝግታ ነው የሚጠሩት፤ ለመጻፍ ይበቃል።